ለወንድሜ ጫማ ይዤ ጎጃም የሄድኩ ጊዜ

ያን ጊዜ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ካለፉት ዓመቶቼ ሁሉ ይልቅ ደህና የነበርኩበት ጊዜ ነው። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት እዚሁ አዳማ ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ጨው ቀንሺ፣ ዘይት ቀንሺ፣ ተራመጂ ተብዬ፣ ከሰፈራችን ሴቶች ጋር ጠዋት ጠዋት መራመድ ጀምሬ ነበር። መጀመሪያ ለወሬው ነበር የምወጣው። እያደር ግን ገላዬ ቀለለ፤ ቀሚሶቼን ሁሉ ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ አስጠበብኩ። ይህን ማስታወሻ እንድጽፍ የወተወቱኝም እነዚያው አብረውኝ የሚራመዱት ሴቶች ናቸው። «እኛማ ጎጃምን መቼ እናየዋለን፤ አንቺ አይተሽ መጥተሻል፤ ጻፊውና እናንብበው» አሉኝ። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በርበሬ እየቀነጠስኩ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ወሬ ወሬ ቢላችሁ እንደ ለመዳችሁት አድምጡኝ።

የጉዞው ሰበብ ሰርግ ነበር። መርጡለ ማርያም አካባቢ ያለችው አክስታችን ደብሪቱ የመጨረሻ ልጇን ልትድር ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሌላውን ሰበብ ግን ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ከዚያ አገር ወጥቼ አዳማ ከተቀመጥኩ ስንት ዓመቴ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ ግን እዚያው ቀርቶ ደብረ ማርቆስ ነጋዴ ነው። ልጁ ትዕግሥት ቁይ ላይ ነርስ ናት። እሷ ናት የደወለችልኝ።

«እትዬ፣ የአባዬ ስኳር አልወርድ ብሏል» አለችኝ። «ባለፈው ክረምት እግሩ የቆሰለ ጊዜ የዳነው በስንት መከራ ነው። ሐኪሙ፣ ሁለተኛ ከቆሰለ ጣትህን ልናጣው እንችላለን ብሎታል። ይህንን ለእማዬ እንኳ አልነገራትም። ተራመድ ሲሉት ይስቃል፤ ለስላሳውን ተው ሲሉት ሌላ ይከፍታል። እርስዎን ይሰማል። በሰርጉ አሳበው ቶሎ ይምጡልኝ።»

ሙሉጌታን ልጅ ሆኖ ያዘልኩት እኔ ነኝ። እንዴት እቀራለሁ?

ሰኞ

ከመነሳቴ በፊት አዳማ ገበያ ገብቼ ለሙሉጌታ ጫማ ገዛሁ። ከፊቱ ሰፋ ያለ፣ ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ፣ እነ ትዕግሥት የመራመጃ ጫማ የሚሉት ዓይነት ነው። ቁጥሩን እሷ ነግራኛለች። ከነካርቶኑ በፌስታል አንጠልጥዬ አዲስ አበባ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ፌስታሉን ወንበር ላይ አስቀምጬ ዘወር ከማለቴ አንድ ግዙፍ ሰውዬ መጥተው ቁጭ አሉበት። ካርቶኑ ጓ! አለ። ሰውዬው ደንግጠው ተነሱና «እንቁላል ነው?» አሉኝ። «ጫማ ነው» ስላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ተመልሰው ቁጭ አሉ፤ እዚያው ጫማው ላይ። እንደ ምንም አስነሥቼ አወጣሁት። ካርቶኑ ተጨፍልቋል፤ ጫማው ግን ምንም አልሆነም። ያን ቀን አዲስ አበባ አንዲት የድሮ ጎረቤቴ ቤት አደርኩ።

ማክሰኞ

መንገዱ ሰላም መሆኑን አጠያይቀን በጠዋት ተነሣን። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ገና ከተማውን ሳንወጣ ድፎ ዳቦ ፈቱ። ቆርሰው ሰጡኝ፤ ቁርስ በልቻለሁ አልኩ። «በሞቴ» አሉ። ገና ስማቸውን አላወቅኩም፣ እሳቸውም ስሜን አላወቁም፤ በሞታቸው ግን ማሉብኝ። በላሁ። ያኔ ነው ጎጃም መግባቴ የገባኝ፤ አባይን እንኳ ሳልሻገር።

አባይ በረሃ ስንወርድ የእኛን አዳማ ሙቀት አገኘሁት። ሌላው ሰው ካፖርቱን እያወለቀ ሲያማርር እኔ ቤቴ የገባሁ ያህል ተመቸኝ። ሾፌሩ ጠመዝማዛውን ቀስ ብሎ ነበር የሚወርደው። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ላይ ስንወጣ ጀመረኝ ብርዱ። ደጀን ላይ ምሳ በላን። ከዚያ ወዲያ ያለው ሜዳ ዓይን የሚያጠግብ ነው፤ ባሕር ዛፍና የታረሰ ጥቁር አፈር፣ መንገድ ዳር ደግሞ በእግሩ የሚሄድ ሰው። የእኛ አገር ሰው ጋሪ ይጠብቃል፣ ባጃጅ ይጠብቃል። እዚያ ገጠሩ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ቀኑ ዘንበል ብሏል። የወንድሜ ሚስት የሺ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እጆቿን ዘርግታ መጣችና ልታቅፈኝ ስትል ቆመች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ! እትዬ አስካለ ነዎት?»

«እኔ ነኝ እንጂ፤ ማን መሰልኩሽ?»

«ምን አገኘዎት? ያ ሁሉ ገላ የት ሄደ?»

«ተራምጄ ጨረስኩት።»

«በእግርዎ?» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «መኪና መሳፈሪያ እስኪያጡ ድረስ!»

ሙሉጌታ ከቤት ወጣ። እሱ ደግሞ በተቃራኒው ሆድ አውጥቶ፣ ሁለት ደረጃ ወርዶ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አቀፈኝና በጆሮዬ «እታለም፣ ቢቸግርሽ እኔ የለሁም? ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩ። «እሱማ ነው፤ ደህና ትሆኛለሽ» አለ፤ የታመመ ሰው በሚያጽናኑበት ድምፅ።

ሳይመሽ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። አንዷ ቅቤ ይዛ መጣች። አንዷ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ መጣች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከበር ቆመው «ፈጣሪ ያውቃል፤ ከዚህም የባሰ ታሞ የዳነ አለ» ብለው ሄዱ። አዳማ እኮ ጎረቤቶቼ «ምን ብትቀቢ ነው ልጅ የሆንሽው?» ነበር የሚሉኝ!

ረቡዕ

ቁርስ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ ቀረበ፣ በላዩ እንቁላል፣ በጎኑ እርጎ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው ብዬ አመልጥ ነበር። ግን በዓለ ሃምሳ ነው። ፋሲካን ተከትሎ በሚመጡት ሃምሳ ቀኖች ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም እናንተም ታውቃላችሁ። በዚያ አገር አንድ ሰው «አልበላም» ብሎ የሚከበርለት በጾም ብቻ ነው። ሐኪም ከለከለኝ ማለትማ እንደ ቀልድ ነው የሚታየው። «ሐኪሙ እዚህ የለም፤ በሞቴ» አለችኝ የሺ። በላሁ። ሙሉጌታ የኔን እጥፍ በላ፤ ከዚያ አንድ ለስላሳ ጠጣ።

ከቁርስ በኋላ ሱቁን ላሳይሽ አለኝ። ዘይት፣ ስኳርና ፓስታ በጅምላ ያከፋፍላል። ከግቢው ወጥተን ባጃጅ ጠራ።

«የት ነው ሱቅህ?» አልኩት።

«ያውልሽ።»

የሱቁ ቆርቆሮ ከቆምንበት ይታያል። ቢጠሩት ሠራተኛው ይሰማል።

«ሙሌ፣ ይኼ እኮ እኛ ጠዋት ለማሟሟቂያ የምንሄደውን ያህል አይሆንም። ባጃጁ ለምንድን ነው?»

ባጃጁ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው የመለሰልኝ። «እታለም፣ አንቺ ከዚህ አገር ከወጣሽ ቆየሽ። እኔ ዛሬ በእግሬ ብሄድ ለምሳ ሰዓት ሳይደርስ 'ሙሉጌታ ወደቀ' ይባላል። ዕቃ በዱቤ አምኖ የሚሰጠኝ አላገኝም። ብከሳ ደግሞ የባሰ ነው። ትናንት በራስሽ አላየሽም? ከሳሽ ብለው ጠበል አመጡልሽ። እኔን ቢሆን ድንኳን ነው የሚተክሉልኝ!»

ባጃጅ ነጂው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ስጨርስ ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ምክንያቱም አልዋሸም። በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጫማውን ሰጠሁት። የተጨፈለቀውን ካርቶን ከፈተና ጫማውን ወደ ላይ አንሥቶ አየው። «ሯጭ ልታደርጊኝ ነው?» አለ። ጉንጬን ሳመኝና ከነካርቶኑ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለው፤ ለእንግዳ የሚወጡት ብርጭቆዎች ካሉበት አጠገብ።

ሐሙስ

በሚኒባስ ወደ ቁይ ሄድን። የሺ ለሰርጉ የምታሰናዳው ስላለባት ቅዳሜ እንድትመጣ ተስማማን። ስንወጣ የጫማውን ካርቶን ከቁም ሣጥኑ አውርጄ በሻንጣዬ ደበቅሁት።

ቁይ የገበያ ከተማ ናት። ከአዳማ ጋር ብታወዳድሯት አንድ ሰፈራችንን አታክልም፤ እህሉ ግን አቤት እህሉ! ትዕግሥትን የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሄደን ጠበቅናት። አግዳሚው ላይ ከገጠር የመጡ ሰዎች ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ ቁምጣ የለበሰ ሰው ሲሮጥ የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ ከሥሩ «በየቀኑ ይንቀሳቀሱ» ይላል። አንድ ገበሬ አጠገቤ ያለውን ጓደኛውን «ምን ይላል?» አለው። አነበበለት።

«እኛን ነው?» አለ ገበሬው። «ዛሬ ሌሊት ተነሥቼ ነው እኮ የደረስኩት!»

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። ትዕግሥት ወጥታ ሰማችና እሷም ሳቀች። «ጋሼ፣ ያ ለእርስዎ አይደለም» አለችው። «እዚያ ለተቀመጡት ነው» ብላ በአገጯ አባቷን አመለከተችው። ገበሬው ዞሮ የሙሉጌታን ሆድ አየና «እሱስ እውነት ነው» አለ።

ከዚያ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ገባች። ትዕግሥት የሕፃኑን ክንድ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ባለው መለኪያ ጠምጥማ ለካችው። እንደ ጣቴ የቀጠነች ክንድ ናት። እናትዬዋን ምን እንደምታበላው ጠየቀቻት። እንጀራና ሽሮ ነው፤ እንቁላሉ ይሸጣል፣ ወተቱ ቅቤ ይሆንና እሱም ይሸጣል። ትዕግሥት አልተቆጣቻትም፤ ከእንቁላሉ ለልጁ እንድታስቀርለት ቀስ ብላ አስረዳቻት። ሙሉጌታ ጨዋታ ይወዳልና «ነርሷ፣ የእኔንም ክንድ ለኪኝ እስቲ» አላት። መለኪያው ግማሹን እንኳ አልዞረም። ማንም አልሳቀም። እሱም እጅጌውን መልሶ አወረደ።

ምሳ ላይ ትዕግሥት እንዲህ ስትል አጫወተችኝ፤ በአገር ደረጃ ግብ ተቀምጧል። ጨው እንዲቀንስ፣ ሰው እንዲንቀሳቀስ፣ ውፍረት እንዳይበዛ፣ ሕፃናት ደግሞ እንዳይቀጭጩ። «እትዬ፣ የሚገርመኝ ሁለቱም በአንድ ወረፋ ነው የሚመጡብኝ። አንዱን ብላ እላለሁ፤ አንዱን ተው እላለሁ።»

«እንዲያው መንግሥት ሥራ አጥቶ የእኔን ሆድ ግብ አደረገው?» አለ ሙሉጌታ።

«አባዬ፣ እኔ ግቤ ሆድህ አይደለም» አለችው። «እግርህ ነው።»

ያን ቀን ለስላሳ አላዘዘም።

ዓርብ

ትዕግሥት ለሰርጉ ፈቃድ ወስዳ ስለነበር ሦስታችን አብረን ተሳፈርን። በቢቸና አድርገን ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ ሚኒባሱ ጎማው ተነፈሰ። ትርፍ ጎማ የተባለውም ከእግር የወለቀ ነጠላ ጫማ ይመስላል፤ ነፍስ የለውም። ሾፌሩ ጎማውን አስጠግኖ እስኪመለስ መንገድ ዳር ቀረን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ካለ ቤት አንዲት ሴት ወጥታ «ምነው ከብርድ ላይ! ቤት የለም እንዴ? ግቡ!» አለችን። አዳማ መኪና ቢበላሽብሽ ውኃ እንኳ በገንዘብሽ ነው።

ገባን። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል። ሴትዮዋ ፈጠን ብላ ድስቱን አወረደችና ጥግ ወስዳ ቁና ደፋችበት። ከዚያ ለእኛ እንቁላል በቅቤ ልትሠራ ተነሣች። እኔ ግን ሽታውን አውቄዋለሁ።

«እመቤት፣ ያ ጎመን ነው?» አልኳት።

«ኧረ የለም!» አለች፤ ፊቷ ቀላ።

«ጎመን ነው እንጂ። እስቲ ከእሱ ስጪን።»

«በበዓለ ሃምሳ ለእንግዳ ጎመን? ሰው ምን ይለኛል? ምን አጥታ ነው አይሉኝም?»

እዚያ አገር ጎመን በየጓሮው እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ይበቅላል፤ ለእንግዳ ማቅረብ ግን ነውር ነው። እኛ አዳማ ከቆቃ ቲማቲም በሳጥን የምንገዛ ሰዎች ይህን ብናይ እናብዳለን። ብለምናት ብለምናት እምቢ አለች። በመጨረሻ እኔ ራሴ «በሞቴ» አልኳት። ሳቋ መጣ፤ ቁናውን አነሣች። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ገብቶበታል፤ ከጤፍ እንጀራ ጋር እንዴት ያለ ምግብ መሰላችሁ! ሙሉጌታ በላ፤ ደግሞ ጨመረ። «እናቴ ቤት የበላሁት መሰለኝ» አላት። ስንሄድ እስከ መንገዱ ሸኘችንና በጆሮዬ «አደራ፣ ጎመን እንደበላችሁ ለማንም እንዳትነግሪብኝ» አለችኝ። ይኸው ስሟን ሳልናገር ነገርኩባት።

ቅዳሜ

አክስታችን ደብሪቱ የምትኖረው ከመርጡለ ማርያም ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ታላቁን ቤተ ክርስቲያን ሊያዩ ሰዎች ከሩቅ ይመጣሉ፤ እኔ ግን ያን ቀን ከሰርጉ ቤት አልወጣሁም፤ ስለዚህ ያላየሁትን አልጽፍም። ግቢው ውስጥ በሬ ታርዷል፣ የጠላ ጋን ተደርድሯል። የሺም ቀትር ላይ ደረሰች።

አክስቴ እኔን አይታ እንደ የሺ አላለቀሰችም። ክንዴን ጨብጣ ጨብጣ አየችና «አይ ከተማ!» ብላ ተወችኝ። ሙሉጌታን ግን አገላብጣ ሳመችው። «ይኸው! የኔ ልጅ ሰው መሰለ! ተመልከቱት እስቲ፣ ጌታ አይመስልም?» አለች። ወስዳ አጠገቧ አስቀመጠችውና ማጉረስ ጀመረች። አንዱን ሲውጥ ሌላው ይጠብቀዋል።

«በቃኝ አክስቴ።»

«በሞቴ።»

«በእውነት ጠግቤያለሁ።»

«እሺ፣ ለሙሽራዋ። በእሷ ሞት አልልም፤ በእኔው ሞት።»

ትዕግሥት ከማዶ ታየዋለች። ተነሥታ አያቷን ለምታህል ሴት «አባቴ ስኳር አለበት» ማለት ትችል ነበር፤ ግን እሱ አስምሏታል፣ ለማንም እንዳትናገር። እኔንም ስንመጣ መንገድ ላይ ቃል አስገብቶኛል። እያንዳንዱን ጉርሻ ቆጥረን ዝም አልን።

እሑድ

ሙሽሮቹ ሥርዓተ ተክሊሉን የሚፈጽሙት በሰፈሩ ደብር ነው። በማለዳ በእግር ሄድን። ሙሉጌታ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጫማ አድርጓል። በእነሱ ልማድ ጫማ የሚወልቀው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሳይሆን ከቅጥሩ በር ነው። ግቢው ሁሉ ቅዱስ ነው ይላሉ። ሁሉም አወለቀ፤ ሙሉጌታም ጫማውንም ካልሲውንም አወለቀ። ትዕግሥት «አባዬ…» ብላ ጀመረች። «ሰው እያየኝ ነው» አላትና በሣሩ ላይ አልፎ ሄደ።

እኔ በሴቶቹ በኩል ቆሜ ነበር። ጸሎቱ መሐል ላይ ደርሶ አንድ ዲያቆን ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ጥሎ ቀስ እያለ ሲሄድ አየሁት። የደም ነጠብጣብ እየተከተለ ከወንድሜ እግር ደረሰ። ጎንበስ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ሙሉጌታ አፍንጫውን ነካ፤ እጁን ገልብጦ አየ። ከዚያ ወደ መሬት አየ። ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ መቅደስ ውስጥ መቆም አይችልም። ያ ሁሉ ሰርገኛ እያየው ወጣ።

እኔና ትዕግሥት ተከትለነው ወጣን። ድንጋይ ላይ አስቀመጥነውና እግሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አየች። ከአውራ ጣቱ ሥር እሾህ ገብቶ ተሰብሮ ቀርቷል። ረጅም እሾህ ነው። በዚያ እሾህ ላይ የጸሎቱን ግማሽ ቆሞበታል።

«አባዬ፣ አያምህም?» አለችው።

«ምኑ?» አለ።

ይህን ሲል ፊቱን አየሁት፤ ስኳሩ የእግሩን ስሜት እንደ ወሰደበት ያኔ ነው የገባው። ልጅ ሆኖ እንኳ እንደዚያ ፈርቶ አላየሁትም። ትዕግሥት ቦርሳዋን ከፍታ እሾሁን አወጣች፣ አጥባ አሰረችለት፤ እንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች። የሺም ወጥታ ቆማ ነበር። «ምንድን ነው የማይሰማው? ምን ደበቃችሁኝ?» አለች። ያኔ ሙሉጌታ ራሱ ነገራት፤ ስለ ስኳሩ ታውቅ ነበር፣ ሐኪሙ ስለ ጣቱ ያለውን ግን ያን ጊዜ ሰማች።

ሥርዓቱ ሲያበቃ መምሬ ጥበቡ መጡ። ለአክስቴ ቤት የንስሐ አባት ናቸው፤ ሙሉጌታንም ከልጅነቱ ያውቁታል። ነገሩን ሁሉ ጠየቁት፤ ነገራቸው። ሐኪም ተራመድ እንደሚለው፣ ከተማው ደግሞ በእግሩ ቢያየው ደኸየ እንደሚለው።

«እኔንም ግፊት አለብህ ብለውኛል» አሉ መምሬ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ካህን ደግሞ በበዓል ስንት ቤት እንደሚባርክ ታውቃለህ። ቤቱ ሁሉ ያጎርሳል። ይህ ሁሉ ጉርሻ የት ሊገባ ነው? እኔ አሁን ባርኬ ለልጆች አካፍላለሁ፤ ማንም አላስተዋለም።» ከዚያ ትንሽ አሰቡ። «ለመሆኑ ሰው በእግሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ደኸየ ብሎ የሚያማ አለ?»

«የለም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው እግርህ ሲድን ጠዋት ጠዋት እየሄድህ ተሳለም። ቤትህ አጠገብ ያለውን አላልኩህም፤ ራቅ ያለውን።»

ትዕግሥት ዝም ማለት አልቻለችም። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሄዶ ጫማውን ካወለቀ ግን እንደዛሬው ነው የሚሆነው።»

መምሬ የታሰረውን እግር አዩ። «ከደጅ ይሳለማ» አሉ። «የውጪውን በር ተሳልሞ ከነጫማው ይመለስ። ከደጅ የሚመለስ ስንት ሰው አለ። ቅዳሴ ለማስቀደስ ሲመጣ ምንጣፉ ዘንድ ያወልቃል።»

«ቀኖና ነው አባቴ?» አለ ሙሉጌታ።

«በበዓለ ሃምሳ ቀኖና አልሰጥም። ምክር ነው።»

በሰርጉ ምሳ አክስቴ ደብሪቱ እንደ ልማዷ ጉርሻዋን ጠቅልላ ወደ ሙሉጌታ መጣች። እጇን ዘረጋች፤ «በሞ…» ብላ ቆመች፤ የጠዋቱን ነገር ሰምታለች። ጉርሻውን አዞረችና ራሷ ጎረሰችው። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብላ «ትናንት በገዛ እጄ…» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። ያን ሁሉ ጊዜ በሞቷ ስትምልበት የነበረችው ሴት እጁን ይዛ ተቀመጠች።

ሰኞ እና ከዚያ በኋላ

የሚያደርሰን መኪና ተገኝቶ በቀጥታ ደብረ ማርቆስ ገባን፤ ሐኪም ቤት ሄድን። ቁስሉን አጠቡት፣ መድኃኒት ሰጡት፣ እየተመላለሰ እንዲያሳይ፣ እስኪድንም እንዳይረግጥበት ነገሩት። ስለ ጣቱ ብንጠይቅ «እናያለን» ነው ያሉን። እኔ ቤቴን ጥዬ መቆየት አልቻልኩም። ጣቱ ይትረፍ አይትረፍ ሳላውቅ ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት። ጫማውን ከሻንጣዬ አውጥቼ አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩለት። አባይ በረሃ ስንደርስ ያ የአዳማ ሙቀቴ መጣ፤ ያን ጊዜ ግን አልተመቸኝም።

ጣቱ ተረፈ። ብዙ ጊዜ ፈጅቶ ተረፈ። ክረምቱን ቤት ዋለ። መስከረም ላይ የሺ ደወለችልኝና «እትዬ፣ ያን ጫማ አደረገው» አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ከከተማው ዳር ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ የቅጥሩን በር ተሳልሞ ከነጫማው ይመለሳል፤ ከዚያ በእግሩ ወደ ሱቁ። ለስላሳውን ሙሉ በሙሉ ተወ ብዬ አልዋሻችሁም። ማታ ማታ ግን ትዕግሥት እንዳስተማረችው የእግሩን መዳፍ በመስታወት ያያል።

ሰዉ ደኸየ አላለውም። ሌላ ነገር አለው። «ሙሉጌታ ምን ቢሠራ ነው ከደጅ የሚመለሰው? ምን ያለ ኃጢአት ቢኖርበት ነው የማይገባው?» ብሎ ከተማው ያማዋል። የሺ ይህን እየሳቀች እያለቀሰች ነገረችኝ። እሱን ስጠይቀው «ይበሉ» አለኝ።

ባለፈው ወር ደግሞ ደወለ። የጫማው ሶል አልቋል፤ በዚያው ቁጥር ሌላ እንድልክለት ነው የፈለገው።